ጠብታ በጠብታ ውስጥ፦ ኤሌክትሪክ ሲነካው ማን ይለጠጣል፣ ማን ይጠፈጠፋል?

በክረምት ባሕር ዳር ላይ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ወሬ «ትራንስፎርመር ፈነዳ» ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፈነዳ ነገር የለም፤ ቅርንጫፍ ሽቦ ነክቶ ወይም ፊውዝ ተቃጥሎ ነው። ትራንስፎርመሩ እውነትም ሲበላሽ ግን ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ውሃ ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ሣጥን ውስጡ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ጥቅል ሽቦውን ያቀዘቅዛል፣ ብልጭታም እንዳይዘል ይከለክላል። ደህና ዘይት በ2.5 ሚሊሜትር ክፍተት ላይ 30 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ይችላል። ጥቂት የውሃ ጠብታ ሲገባበት ይህ አቅሙ ይወርዳል። የመብራት ሠራተኛ የሆነው ጎረቤቴ ነገሩን በአጭሩ ይጨርሰዋል፦ «ዘይቱ ውሃ ከጠጣ አለቀለት በለው።»

ለምን ቢባል «ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። ዘይት ውስጥ የተንጠለጠለች የውሃ ጠብታ ዝም ብላ አትቀመጥም። የኤሌክትሪክ መስኩ (ቮልቴጅ በዙሪያው የሚፈጥረው የመሳብና የመግፋት ኃይል) ይለጥጣታል፣ ጫፏን ያሾላታል፣ ከሌሎች ጠብታዎች ጋር አሰልፎ መንገድ ያሠራታል። ይህ የአንዲት ጠብታ ታሪክ ነው። በጠብታዋ ውስጥ ሌላ ጠብታ ሲኖር፣ ማለትም ውሃ በዘይት ተሸፍኖ ወይም ዘይት በውሃ ተሸፍኖ ሲገኝ፣ ነገሩ ይወሳሰባል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ተደራራቢ ጠብታ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጠላዋን ሳንረዳ ድርቧን መረዳት አይቻልምና ከእሷ እንጀምር። ጠብታ ክብ የምትሆነው የገጽ ውጥረት ስለሚሰበስባት ነው። ፈሳሽ ገጹን ማሳነስ ይፈልጋል፤ ለተወሰነ ይዘት ደግሞ ከሉል ያነሰ ገጽ ያለው ቅርጽ የለም። አሁን ጠብታዋን ቮልቴጅ በተሰጣቸው ሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል እናድርጋት። ውሃው ውስጥ ያሉት አሉታዊ አዮኖች (ቻርጅ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙሊት፣ የያዙ ቅንጣቶች) አዎንታዊ ሰሌዳ ወዳለበት ጫፍ ይሄዳሉ፣ አዎንታዊዎቹ ወደ ተቃራኒው። እያንዳንዱ ጫፍ ፊት ለፊቱ ወዳለው ሰሌዳ ይሳባል፤ ጠብታዋም በመስኩ አቅጣጫ ሞላላ ትሆናለች። ሁለቱን ጫፎች ዋልታ፣ መሃሏን ደግሞ ወገብ እያልን እንቀጥል።

መለጠጡ የሚያድገው በመስኩ ካሬ ልክ ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን መለጠጡ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሰሌዳዎቹ ምልክት ቢገለበጥ ደግሞ ቻርጆቹ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ ጠብታዋ አትጠፈጠፍም። በቁጥር እንየው። ራዲየሷ 1 ሚሊሜትር የሆነ የውሃ ጠብታ በምግብ ዘይት ውስጥ ናት እንበል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የገጽ ውጥረት በሜትር 25 ሚሊኒውተን ብለን እንያዝ። የቤታችንን 220 ቮልት 1 ሴንቲሜትር በተራራቁ ሰሌዳዎች ላይ ብንሰጥ (ማንም እንዳይሞክረው!) የሚመጣው ለውጥ ከአሥር ሺህ 3 እጅ ገደማ ነው፤ ዓይን አያየውም። በሴንቲሜትር ከ4 ሺህ ቮልት ሲያልፍ ግን ጠብታዋ ራሷን መያዝ አትችልም፤ ጫፎቿ ሾለው ፈሳሽ መርጨት ይጀምራሉ።

ሹል ጫፉን ከሁሉ ቀድሞ የመዘገበው እንግሊዛዊው ዊልያም ጊልበርት ነው፤ በ1600 የታሸ ሙጫ ድንጋይ (ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል) ወደ ውሃ ጠብታ ሲያስጠጋ ጠብታው ወደ ላይ ሾሎ እንደሚነሳ ጽፏል። ስሌቱን ያገኘው ግን የካምብሪጁ ጄፍሪ ቴይለር ነው፣ በ1964፣ ጡረታ ከወጣ ከዓመታት በኋላ። ጠብታዋ ርዝመቷ የወርዷን 1.9 እጥፍ ሲደርስ ሚዛኗን እንደምትስት፣ ሹሉም ከመሃል መስመሩ 49.3 ዲግሪ ከፍቶ እንደሚቆም አሳየ። ሾጣጣው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። ግራ የሚያጋባው በ1962 አለንና ሜሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የሲሊኮን ዘይት ጠብታ በጉሎ ዘይት ውስጥ አድርገው መስክ ሲሰጧት መጣ። ጠብታዋ መለጠጧ ቀርቶ ተጠፈጠፈች። በዘመኑ በነበረው ስሌት ይህ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ፍጹም አስተላላፊም ሆነ ፍጹም ኢ-አስተላላፊ ጠብታ መለጠጥ ብቻ ነው ያለበት።

መልሱን በ1966 ያመጣው ራሱ ቴይለር ነው፤ ዕድሜው 80 ደርሶ ነበር። እኔ የዚህ ሙያ ሁሉ ቁልፍ ይኼ ይመስለኛልና ቀስ ብለን እንየው። ዘይት «ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» የምንለው ለአፍ ያህል ነው፤ በጣም በጥቂቱ ያፈሳል። ስለዚህ ከጠብታዋ ውስጥም፣ ከውጭ ካለው ፈሳሽም ቻርጅ ወደ ድንበራቸው ይጓዛል። ጥያቄው ማን ቀድሞ ያደርሳል ነው። የውስጡ ፈሳሽ ከፈጠነ ነገሩ ከላይ እንዳየነው ነው፦ አዎንታዊው ሰሌዳ ፊት ያለው ዋልታ አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል፣ ወደ ውጭ ይሳባል። የውጭው ከፈጠነ ግን ያው ዋልታ አዎንታዊ ቻርጅ ይሰበሰብበታል። ተመሳሳይ ምልክት ይገፋፋልና ዋልታው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በሌላው ወገንም እንዲሁ። ከሁለት በኩል የተገፋች ጠብታ ከመጠፍጠፍ ሌላ ምን አማራጭ አላት?

ሌላም ነገር አለ። ድንበሩ ላይ የተሰበሰበውን ቻርጅ መስኩ በገጹ ላይ ይጎትተዋል፤ ቻርጁም ፈሳሹን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጠብታዋ ቅርጿ ረግቶ እንኳ ውስጧና ዙሪያዋ ያለማቋረጥ ይዞራል። የውስጡ ከፈጠነ ገጹ ከወገብ ወደ ዋልታ ይፈስሳል፣ የውጭው ከፈጠነ ከዋልታ ወደ ወገብ። በጉሎ ዘይቱ ሙከራ የሆነው ሁለተኛው ነው። ሲሊኮን ዘይት በጣም ሰነፍ አስተላላፊ ሲሆን ጉሎው ይሻላል።

አንድ ፈሳሽ ቻርጁን ድንበር ድረስ ለማድረስ የሚፈልገው ጊዜ መስኩን የማርገብ አቅሙን ለማስተላለፍ አቅሙ አካፍሎ ይገኛል። ልዩነቱ ለማመን ይከብዳል። እንደ ጣና ላለ ጨው ላልበዛበት ውሃ ጊዜው በአሥር ቤት ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) የሚቆጠር ነው፤ ለምግብ ዘይት ከሰከንድ ክፋይ እስከ ጥቂት ሰከንድ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል በሚሊዮን የሚቆጠር እጥፍ አለ።

አሁን ወደ ድርቧ። እንቁላል አስቡ፤ አስኳል አለው፣ በዙሪያው ሌላ ፈሳሽ አለ። ተደራራቢ ጠብታም እንዲሁ ነው፤ ቅርፊት የለውም እንጂ። የውስጠኛውን አስኳል፣ የውጭኛውን ሽፋን እንበላቸው። ፈሳሾቹ ሦስት ናቸው (አስኳል፣ ሽፋን፣ ከውጭ ያለው)፣ ድንበሮቹ ሁለት። እላይ ያነሳነው «ማን ቀድሞ ያደርሳል» በሁለቱም ድንበር ላይ ለየብቻው ይጠየቃል፤ የአንዱ መልስ ግን የሌላውን ይለውጣል።

ሽፋኑ ውሃ፣ አስኳሉ ዘይት ከሆነ ወሬው አጭር ነው። የሽፋኑ አዮኖች ወዲያው ድንበር ላይ ተሰልፈው መስኩን ያጠፉታል። ከውጭ የቱንም ያህል ቮልቴጅ ቢሰጥ አስኳሉ ዘንድ የሚደርስ የለም። ከውጭ ጠብታዋ ትለጠጣለች፤ ስትለጠጥ ወገቧ ይቀጥናል፤ አስኳሉም ኤሌክትሪክ ሳይነካው በጥበቱ ብቻ ሊጨነቅ ይችላል። በክረምት ጣና ላይ የሚወርደው በረዶ እየቀለጠ ሲመጣ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፦ ውስጡ ጠጣር በረዶ፣ ላዩ ስስ ውሃ። መስኩን የሚጋፈጠው የላዩ ውሃ ነው።

ደመናን ካነሳን አንድ ነገር ልበል። «መብረቅ ያለበት ደመና ጠብታውን በኤሌክትሪክ ይበጣጥሰዋል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ስሌቱ አይደግፈውም። ራዲየሷ 1 ሚሊሜትር የሆነች የዝናብ ጠብታ በአየር ውስጥ እንድትሰነጠቅ በሴንቲሜትር 13 ሺህ ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሺህ ነው። አየሩ ራሱ የሚሰበረው (ብልጭታ የሚያሳልፈው) በባሕር ጠለል በሴንቲሜትር 30 ሺህ ቮልት ላይ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፣ መሰበሪያውም በአምስተኛ እጅ ገደማ ዝቅ ይላል። ያም ሆኖ ብቻዋን ያለች ጠብታ መስኩን ትችለዋለች። ሁለት ጠብታዎች በጣም ሲጠጋጉ ግን በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት መስኩ ስለሚጎለብት ነገሩ ይለወጣል።

አሁን ሽፋኑን ዘይት፣ አስኳሉን ውሃ እናድርገው። ጨዋታው እዚህ ነው። ዘይቱ መስኩን አያጠፋውም፤ አሳልፎ ለአስኳሉ ይሰጠዋል። አስኳሉ ውሃ ስለሆነ ሁልጊዜ ይለጠጣል። ሽፋኑ ግን ምን እንደሚሆን የሚወስነው ከውጭ ያለው ፈሳሽ ነው። ውጭ ያለው ዘይት ከሽፋኑ የፈጠነ ከሆነ ሽፋኑ መጠፍጠፍ ይፈልጋል። አስኳሉ ወደ ዋልታዎቹ ሲረዝም ሽፋኑ በእነዚያው ዋልታዎች ወደ ውስጥ ይገፋል። በመካከል ያለችው የዘይት ሽፋን እየቀጠነች ትሄዳለች፣ በስተመጨረሻ ዋልታው ላይ ትቀደዳለች፤ የአስኳሉ ውሃ በዚያ ይወጣል።

ተቃራኒውም አለ። ሽፋኑ ከውጭው የፈጠነ፣ አስኳሉ ደግሞ ከሽፋኑ የዘገየ ከሆነ ሽፋኑ ይለጠጣል፣ አስኳሉ ይጠፈጠፋል፤ የሚገናኙትም ወገብ ላይ ነው። መቀደዱ በዋልታ ወይስ በወገብ የሚለው ቀልድ አይደለም። መድኃኒት በአስኳሉ ይዞ፣ በተፈለገ ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ጠብታ መሥራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት በየት በኩል እንደሚከፈት ነው። ሁለቱም አብረው የሚለጠጡበት፣ ሁለቱም አብረው የሚጠፈጠፉበት ሁኔታም አለ፤ እነዚያ ብዙም አያስቸግሩም።

የአስኳሉ መጠንስ? ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ከውጭ ያለው ፈሳሽ ሽፋኑን ብቻ አያይም፤ ጠቅላላ ጠብታዋን እንደ አንድ ነገር ያያታል። የአስኳሉ ራዲየስ የሙሉዋ ጠብታ ግማሽ ሲሆን ጠብታዋ ከሽፋኗ 1.4 እጥፍ የተሻለ አስተላላፊ ትመስላለች፤ ትንሽ ለውጥ ነው። አስኳሉ አድጎ የራዲየሱ ዘጠኝ አሥረኛ ሲደርስ ግን 9 እጥፍ ትሆናለች። ስለዚህ በትንሽ አስኳል የተጠፈጠፈችው ያችው ጠብታ፣ ፈሳሾቿ ሳይቀየሩ፣ አስኳሏ ስላደገ ብቻ ልትለጠጥ ትችላለች። ቀመር የሸመደደ ተማሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ግራ የሚጋባው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የዘይት ሽፋን በውሃ መካከል ሲሆን፣ ማለትም ውስጥም ውጭም ውሃ ሲሆን፣ ሌላ ነገር ይመጣል። ሁለቱም ውሃዎች ቻርጃቸውን ወዲያው ያደርሳሉ፤ የሚያግዳቸው ቀጭኑ ዘይት ብቻ ነው። ጠብታዋ ዙሪያ የሚወርደው ቮልቴጅ በሙሉ በዚያ ቀጭን ሽፋን ላይ ይከማቻል። በዋልታው ላይ ልኩ አንድ ተኩል ጊዜ መስኩ ሲባዛ በራዲየሱ ነው፤ ሽፋኑ በቀጠነ ቁጥር በውስጡ ያለው መስክ ይበረታል።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ በየሰውነታችን አለ፤ ሕዋስ። ሕዋስ ፍጹም የፈሳሽ ጠብታ አይደለም፤ ሽፋኑ በገጽ ውጥረት ሳይሆን መዘርጋትን በመቃወም ነው የሚቆመው። የኤሌክትሪኩ ስሌት ግን ያው ነው። ራዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ሕዋስ በሴንቲሜትር 1,000 ቮልት መስክ ውስጥ ይሁን። በሽፋኑ ላይ 1.5 ቮልት ይወድቃል። ከሪሞት ባትሪ የማይበልጥ! የሽፋኑ ውፍረት ግን 5 ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ በውስጡ ያለው መስክ በሴንቲሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ነው፤ ከውጭ የሰጠነው 3 ሺህ ጊዜ ተባዝቶ። ሽፋኑ ይህን አይችልም፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈቱበታል። መስኩ አጭር ከሆነ ቀዳዳዎቹ ተመልሰው ይዘጋሉ። ኤበርሃርድ ኖይማንና ባልደረቦቹ በ1982 በዚህ መንገድ ዘረመል ወደ አይጥ ሕዋስ አስገቡ፤ ዛሬ የሥነ ሕይወት ላቦራቶሪዎች የዕለት ሥራ ነው።

ቅድም «አጭር» ያልኩት ጊዜ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ውሃ ናኖሰከንድ፣ ዘይት ሰከንድ የሚፈልግ ከሆነ መስኩ የሚለዋወጥበት ፍጥነት ሁሉን ይገለብጠዋል። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በየ10 ሚሊሰከንዱ አቅጣጫ ይቀይራል። ለውሃው ይህ ዘላለም ነው፤ በየግልበጣው ቻርጁን አድርሶ ይጠብቃል። ዘይቱ ግን ገና ሳይጀምር ተገለበጠበት። ስለዚህ በባትሪ ዓይነት ቋሚ መስክ የተጠፈጠፈች የዘይት ጠብታ በፈጣን ተለዋዋጭ መስክ ትለጠጣለች፤ ቻርጅ የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሌለ የሚያጠፈጥፋት ነገር የለም። ለሕዋስም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ እስኪሞላ ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ ከዚያ ባጠረ የናኖሰከንድ ምት ሲመታ ግን መስኩ ሽፋኑን አልፎ የውስጥ አካላቱ ዘንድ ይደርሳል። ያው ጠብታ፣ ያው ቮልቴጅ ነው፤ የተለየው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ቀጭኗን የዘይት ሽፋን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ኤሌክትሪክም ላቦራቶሪም አያስፈልገውም። ጠርሙስ ብርጭቆ ላይ ውሃ አድርጉ፤ በላዩ ሁለት ጣት ያህል የኑግ ዘይት ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ጎጃም ላይ ኑግ አይቸግርም። ከዚያ የቀዘቀዘ ጥቁር ቡና በሲሪንጅ ወስዳችሁ አንዲት ጠብታ ዘይቱ ውስጥ ልቀቁ። ጠብታዋ ዘይቱን እየሰነጠቀች ትወርድና ከታች ያለው ውሃ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ውሃ ከውሃ ሊገናኝ ምን ከለከለው? በመካከላቸው የማትታይ የዘይት ሽፋን አለች፤ ከጠብታዋ ሥር ቀስ እያለች እየፈሰሰች ነው። ከጎን ዝቅ ብላችሁ ካያችሁ ጠብታዋ ሥሯ እየሰፋ ሲተኛ ይታያል። ከሰከንዶች ወይም ከደቂቃ በኋላ፣ ሳታስቡት፣ ሽፋኗ ትቀደድና ቡናው ወደ ታች እንደ ጭስ ይወርዳል። ቡናው ውስጥ ትንሽ ላርጎ ብትጨምሩ መጠበቁ ይረዝማል፤ ሳሙናው ገጹ ላይ ተሰልፎ ሽፋኗ እንዳትቀደድ ይደግፋታል። ተደራራቢ ጠብታ የሚሠሩ ሰዎች ሳሙና መሰል ነገር የሚጨምሩት ለዚሁ ነው።

መስክ ሲጨመር ይህችን ሽፋን ያፋጥናታል፤ በሁለቱም ወገን ያሉት ተቃራኒ ቻርጆች እየተሳሳቡ ይጨምቋታል። ሎርድ ሬይሊ በ1879 ወደ ላይ የሚረጭ ቀጭን ውሃ ሲመለከት ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ሲነጥሩ አየ፤ የታሸ የማኅተም ሰም ሲያስጠጋ ግን መንጠራቸው ቀርቶ ተቀላቀሉ። እዚያ ሽፋኗ አየር ነበረች። ነዳጅ አጣሪዎች ከድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ውሃ የሚለዩትም በዚህ ነው፤ ፍሬድሪክ ኮትሬል ዘዴውን በ1911 በፓተንት አስመዘገበ። ጠብታዎቹ ዋልታ ለዋልታ ይሳሳባሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ ከብደው ይወርዳሉ። የትራንስፎርመሩን ዘይት የሚገድለው ጠባይ እዚያ ጥቅም ሆነ።

ድርቡን ጠብታ ማፍረስ ብቻ ሳይሆን መሥራትም በመስክ ይቻላል። በ2002 የስፔን ተመራማሪዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ባለፉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ሁለት የማይቀላቀሉ ፈሳሾች እያፈሰሱ ቮልቴጅ ሰጡ። ጫፉ ላይ የቴይለር ሾጣጣ በሾጣጣ ውስጥ ተፈጠረ፤ ከእሱ የወጣው ድርብ ክር እየተቆራረጠ ከ10 እስከ 0.15 ማይክሮሜትር የሚደርሱ ባለ ሽፋን ጠብታዎች ሰጠ።

የሚያስቸግረው አስኳሉን መሃል ላይ ማቆየት ነው። የአስኳሉና የሽፋኑ ክብደት ትንሽ ከተለያየ አንዱ ወገን ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል። መስኩም እንደ ሁኔታው ያባብሰዋል ወይም ያስተካክለዋል። የአሜሪካው ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለማስተካከል ተጠቀሙበት፦ ለሌዘር የኒውክሌር ውህደት ሙከራ የሚሆኑ ውፍረታቸው በዙሪያው እኩል የሆነ የፕላስቲክ ሉሎች ይፈለጋሉ፤ ሽፋኑ ገና ፈሳሽ ሳለ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ (አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ በሚቀያይር) መስክ አስኳሉን ወደ መሃል እየገፉ ማቆም እንደሚቻል አሳዩ። ፍሪኩዌንሲው መጨመሩ ለቅንጦት አይደለም፤ ፈሳሾቹ ቻርጅ አድርሰው መስኩን ሳያጠፉት ሥራው እንዲያልቅ ነው።